«ማስተንፈስ»፣ «መንፋት»፣ «ማገዝ»፤ በሕክምና የሰው ሠራሽ እስትንፋስ ስልቶች ስያሜ

እስትንፋሱ ለደከመ በሽተኛ አየር የሚያደርሰው የሕክምና መሣሪያ በአማርኛ አንድ የጸና ስም ገና አላገኘም። ኮቪድ-19 በኢትዮጵያ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. መገኘቱ ከተገለጸ ወዲህ ይኸው መሣሪያ አንድ ጊዜ «ቬንቲሌተር»፣ ሌላ ጊዜ «የመተንፈሻ መሣሪያ»፣ ሌላ ጊዜም «የመተንፈሻ አጋዥ» ሲባል ቆይቷል። የመሣሪያው ስም እንዲህ ከተለያየ፣ የሚሠራባቸው ስልቶች ስያሜ ከዚያ የባሰ መቸገሩ አያስገርምም። ጉዳዩም የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ብቻ አይደለም። በባሕር ዳር በፈለገ ሕይወትና በጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የሚሠራው ሐኪም ሙያውን የተማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከዘጌ ወይም ከደቅ ደሴት ጣናን ተሻግሮ የመጣው ቤተ ዘመድ ግን የሚጠይቀውም የሚፈቅደውም በአማርኛ ነው። መሣሪያው ከሕመምተኛው ምን እንደሚወስድና ምን እንደሚተውለት የሚረዳው በተነገረው ቃል ልክ ነው።

የእንግሊዝኛው ስም መነሻ በላቲን «ነፋስ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ነው። በአማርኛም «ነፋስ» ከሚለው ስም ጋር የሚዛመድ «አናፈሰ» የሚል ግስ አለ፤ ይሁን እንጂ የምናናፍሰው ቤትን፣ ልብስን ወይም ወሬን እንጂ ሳንባን አይደለም። እንግሊዝኛው ለክፍልም ለሳንባም አንዱን ቃል ሲጠቀም፣ አማርኛው ሁለቱን ለይቷል። ስለዚህ «ማናፈሻ» ያለ ተርጓሚ አንባቢውን ከጽኑ ሕሙማን ክፍል አውጥቶ ወደ መስኮትና ወደ አየር ማራገቢያ ይወስደዋል።

ቀጥሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው «ማስተንፈሻ» ነው። «ተነፈሰ» ካለ «አስተነፈሰ» ማለት በሰዋስው ረገድ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ጎማ ተነፈሰ ስንል አየሩ ወጣ፣ አስተነፈሰው ስንል አየሩን አስወጣው ማለታችን ነው። ይህ ስያሜ ምን ያህል ከነገሩ እንደሚርቅ ለመረዳት የመሣሪያውን ታሪክ በአጭሩ መመልከት ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ1928 ፊሊፕ ድሪንከርና ሉዊስ ሾው በቦስተን ያቀረቡት «የብረት ሳንባ» የበሽተኛውን አካል ከአንገት በታች በሣጥን ዘግቶ፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን የአየር ግፊት በመቀነስ ደረት እንዲሰፋ ያደርግ ነበር። የዚህ መሣሪያ ግስ «ሳበ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የልጅነት ልምሻ በኮፐንሃገን በተዛመተ ጊዜ ግን ብዮርን ኢብሰን በጉሮሮ በገባ ቱቦ አየር በእጅ እየተገፋ እንዲሰጥ አደረገ፤ ወደ 1,500 የሚጠጉ ተማሪዎችም እየተፈራረቁ ከረጢት ሲጨምቁ ሰነበቱ። ከዚያ ወዲህ በሰፊው የተለመዱት መሣሪያዎች ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። የእነዚህ ግስ «ነፋ» ነው፤ ከግዕዙ «ነፍኀ» የመጣ፣ የአንጥረኛውን ወናፍ ሥራ የሚገልጽ ቃል። ወናፍ አየርን ይገፋል እንጂ መልሶ አይስብም፤ መሣሪያውም እንዲሁ አየሩን አስገብቶ ግፊቱን ሲያነሣ፣ ሳንባና ደረት በራሳቸው ተሰብስበው አየሩን ያስወጣሉ። እንግዲህ «ማስተንፈሻ» የሚለው ቃል መሣሪያውን የሚሰይመው ከሥራው ባረፈበት ቅጽበት መሆኑ ነው።

ታዲያ «መንፊያ» እንበለው ይሆን? ለአሠራሩ መግለጫ ግሱ ትክክል ነው። ለሰው ግን «ተነፋ» ማለት አበጠ ማለት ስለሆነ በአልጋው አጠገብ ሊነገር አይገባም።

ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ጀምሮ ጥያቄው ይበልጥ ረቀቀ። ጆርጅ ግሪጎሪና ባልደረቦቹ በ1971 ራሳቸው ለሚተነፍሱ ጨቅላ ሕፃናት የማያቋርጥ ግፊትን፣ ጆን ዳውንስና ባልደረቦቹም በ1973 በሽተኛው በራሱ እየተነፈሰ መሣሪያው በየመሐሉ የሚገባበትን ስልት አስተዋወቁ። የስልቶቹ ልዩነት እንግዲህ የመሣሪያና የሰው የሥራ ክፍፍል ሆነ።

ለዚህ ክፍፍል አማርኛ ባዕድ አይደለም። «አስወለደ» እና «አዋለደ» አንድ አይደሉም፤ አዋላጅ ትረዳለች እንጂ የምትወልደው እናት ናት። «አፋለገ»ም እንዲሁ ከፈላጊው ጋር መፈለግ ነው። ከ«ነፈሰ» በዚሁ መንገድ የሚወጣው «አናፈሰ» አስቀድሞ በቤትና በልብስ ስለተያዘ ቅርጹን መዋስ አልተቻለም፤ ሐሳቡን ግን በሌሎች ግሶች መግለጽ ይቻላል።

ስለዚህ ለመሣሪያው «የእስትንፋስ አጋዥ መሣሪያ» የሚለውን ስም እንመርጣለን። መሣሪያው ሥራውን በሙሉ የሚይዝበትን «ተኪ ስልት»፣ በሽተኛው ጀምሮ መሣሪያው የሚሞላበትን «አጋዥ ስልት»፣ ሁለቱ የሚቀያየሩበትን «ተፈራራቂ ስልት»፣ በሽተኛው ጀምሮ የሚጨርሰውን ትንፋሽ መሣሪያው በግፊት የሚያጎላበትን «ደጋፊ ስልት»፣ ሰውዬው ራሱ እየተነፈሰ የአየር ቧንቧው ብቻ በግፊት ተከፍቶ የሚቆይበትን «የማያቋርጥ ግፊት ስልት» ብንል ሁሉም በየዕለቱ ንግግር የታወቁ ቃላት ናቸው። «ተኪ ስልት ላይ ነበር፤ ዛሬ ወደ ደጋፊ አዛውረነዋል» የተባለ ወንድም፣ ታማሚው ወደ ራሱ እስትንፋስ እየተመለሰ መሆኑን ያለ አስተርጓሚ ይረዳል። የሙያው ባለቤቶች የተሻለ ቃል ቢያገኙ መቀበል ተገቢ ነው፤ መመዘኛው ግን ቃሉ ከሁለቱ ሠራተኛው ማን እንደሆነ መናገሩ ሊሆን ይገባል እንላለን።