ጤና ኬላው የማን ሥራ ነው?

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በተነሣ ቁጥር ምስጋናው የሚሄደው ለጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ነው። ፕሮግራሙን የነደፈው እሱ ስለሆነ አይበዛበትም። የአሠራሩን ዝርዝር ያየ ሰው ግን ከሸክሙ ብዙውን የተሸከሙት ሌሎች መሥሪያ ቤቶች መሆናቸውን ይረዳል። በየቀበሌው ጤና ኬላ እንዲሠሩ የተመለመሉትን፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ለአንድ ዓመት ያሠለጠኑት በትምህርቱ ዘርፍ የነበሩ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ናቸው። በምልመላው ቀበሌና ወረዳ ገቡበት፤ ደመወዙን ክልሎች ከበጀታቸው ከፈሉ። አርአያ ቤተሰብ አፍርቶ ጎረቤት ከጎረቤት እንዲማር የማድረጉ ዘዴም ግብርና በአርሶ አደሩ መካከል ሲሠራበት የቆየ ነው። ለአንድ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሠራተኛ በሚለው ስሌት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ተሰማሩ። ሚኒስቴሩ የራሱን ማሠልጠኛ ከመሠረት እስኪገነባ ቢጠበቅ ኖሮ ይህ ባልታሰበ ነበር። ትብብር ፍሬ የሚሰጠው አንዱ መሥሪያ ቤት ክፍሉን፣ መምህሩንና በጀቱን ለሌላው ዓላማ ሲለቅ ነው የምለው ለዚህ ነው፤ የጋራ ኮሚቴ ማቋቋምማ ማንም አያቅተውም።

የቀደመው ታሪክ ተቃራኒውን መንገድ ያሳያል። ጤና በ1940 ዓ.ም. ከአገር ግዛት ሚኒስቴር ተነጥሎ የራሱን ሚኒስቴር አገኘ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያውን በአንድ ቡድን እያሠለጠነ ወደ ጤና ጣቢያዎች ላከ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1950 ዓ.ም. ክረምት የጀመረው የወባ ወረርሽኝ በግምት 3 ሚሊዮን ሰው አሳመመ፣ 150 ሺህ ገደለ። ከዚያ በኋላ የተቋቋመው የወባ ማጥፊያ ድርጅት ግን የራሱ ሠራተኛ፣ መኪናና በጀት ያለው፣ ከሌላው የጤና አገልግሎት የተለየ ነበር። ለእንዲህ ያለ መቅሠፍት ፈጣን ክንድ መፈለጉ አያስወቅስም። የአጥሩ ዋጋ የታየው ቆይቶ ነው፤ የፈንጣጣ ዘመቻ በ1963 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት መንግሥት እንዲያመነታ ካደረጉት ነገሮች አንዱ የወባው ሥራ ይስተጓጎላል የሚል ስጋት ነበር።

የጤና ኤክስቴንሽኑ ትብብር ሳይሆን የላይ ትእዛዝ ነው የሚል ይኖራል። ትእዛዝ እንደነበረበት አልክድም፤ አንድ ፓርቲ ከሚኒስቴር እስከ ቀበሌ በያዘበት ዘመን እንዴት አይኖርበት? ነገር ግን የወባው ድርጅትም ትእዛዝ አልጎደለውም፤ ለብቻው ከመቆም ግን አላዳነውም። ሁለተኛው ክርክር ይበልጥ ይከብዳል። ከ1 ሺህ ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ1992 ዓ.ም. ከተመዘገበው 166 በ2008 ዓ.ም. ወደ 67 የወረዱት በመንገድ፣ በትምህርት፣ በክትባትና በአጎበር ጭምር ነው። እውነት ነው፤ ለፕሮግራሙ ብቻ የሚሰጥ ድርሻ ቆርጦ ማውጣት አይቻልም። ይሁንና ክትባቱና አጎበሩ ቀበሌ ሲደርሱ ተቀብሎ ለየቤቱ የሚያዳርስ ሰው ያስፈልጋቸው ነበር፤ ያንን ሰው ያስገኘው ከላይ ያየነው መዋዋስ ነው።

ንጹሕ ውኃንና ንጽሕናን ለማዳረስ በ2006 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የዋን ዋሽ ብሔራዊ ፕሮግራምም የውኃ፣ የጤና፣ የትምህርትና የገንዘብ ሚኒስቴሮችን ከማስፈረም አልፎ የለጋሾች ገንዘብ የሚገባበት የጋራ ሒሳብ አስከፍቷል። እርግጥ ከሒሳቡ ውጭ በራሳቸው በር መግባት የመረጡ ፕሮጀክቶችም አልጠፉም።