ሒሳቡ ለማን ይቀርባል?
የበጎ አድራጎት ሥራ ጉዞ በአማራ ክልል

በክልላችን ወደ አንድ የወረዳ ከተማ የሚገባ መንገደኛ በመንገዱ ግራና ቀኝ የቆሙ ሰሌዳዎችን ማየቱ የተለመደ ነው። አንዱ ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ሌላው ስለ ተፋሰስ ልማት፣ ሦስተኛው ስለ ትምህርት ቤት ይናገራል። ከመካከላቸው ቀለማቸው የደበዘዘ፣ ፕሮጀክታቸው ከተዘጋ ብዙ ዓመት ያለፋቸውም አሉ። ከአንዳንዱ ሰሌዳ ጀርባ ሥራው ዛሬም ሕያው ነው፤ ከአንዳንዱ ጀርባ ግን ቧንቧው ደርቆ ሰሌዳው ብቻውን ቀርቷል።

ይህ ልዩነት ከምን መጣ? የዩኒየናችንን የምሥረታ በዓል በምናከብርበት በዚህ ወቅት ጥያቄውን ማንሳት ተገቢ ይመስለናል። የኅብረት ሥራ ማኅበር ለአባላቱ ጥቅም የሚነግድ ተቋም በመሆኑ የበጎ አድራጎት ድርጅት አይደለም። ይሁን እንጂ ሁለቱ የሚያገለግሉት ያንኑ ገበሬ ነው፤ መሠረታቸውም ያው የአገራችን የመረዳዳት ባህል ነው። ስለሆነም የአንዱ ታሪክ ለሌላው ትምህርት ይሆናል።

ቅሬ፣ ሰንበቴና ጅጌ

በክልላችን የበጎ አድራጎት ሥራ የተጀመረው በፕሮጀክት ሰነድ አይደለም። ጎረቤቱ ታሞ መሬቱ ጦም ሊያድር ሲል ገበሬው በጅጌ ወጥቶ ያርስለታል። በወንፈል ተራ ይዞ ጉልበት ይበዳደራል፤ በደቦ ያጭዳል፣ ይወቃል። ሰው ሲሞት በጎጃምና በጎንደር ዕድሩ፣ በወሎ ደግሞ ቅሬው ይደርሳል። በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር ድሃ ይበላል፤ ሙስሊሙም ዘካውን ለችግረኛ ያደርሳል።

እነዚህ ማኅበራት ጽሕፈት ቤትና መኪና ባይኖራቸውም ጠንካራ ሥርዓት አላቸው። የዕድሩ ዳኛ የሚመረጠው በአባላቱ ነው። ከቀብር የቀረ ይቀጣል፤ መዋጮ ያጓደለ ይጠየቃል። ከሁሉም በላይ ገንዘብ ያዡ ያለውን ቆጥሮ የሚያሳየው አብረውት ለተቀመጡት ጎረቤቶቹ ነው። ገንዘብ ቢጎድል ነገ በገበያ፣ ከነገ ወዲያ በለቅሶ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። የቁጥጥሩ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው።

በዘመናዊው ሕግ ማኅበራት የታወቁት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ቀጥሎም በ1959 ዓ.ም. የማኅበራት ምዝገባ ደንብ ወጣ። የገጠሩ ቅሬና ዕድር ግን ምዝገባ ሳይጠብቅ ሥራውን ሲሠራ ኖሯል።

ከሁለቱ ረሃቦች ወዲህ

በክልላችን የድርጅቶችን ዘመን የከፈቱት ሁለት ታላላቅ ረሃቦች ናቸው። የመጀመሪያው በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ነው። የዘመኑ መንግሥት ችግሩን ሸሽጎት ሳለ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ያመጧቸውን ፎቶግራፎች በአዲስ አበባ አሳዩ። በጥቅምት 1966 ደግሞ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም ጉዳዩን ለዓለም ገለጠ። የአብያተ ክርስቲያናትና የዕርዳታ ድርጅቶች ኅብረት የሆነው ሲአርዲኤ የተመሠረተው በዚሁ ዘመን ነው። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንም የዚያው ረሃብ ውጤት ነው።

ሁለተኛው ብዙዎቻችን በዓይናችን ያየነው የ1977ቱ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ በያኔው የወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ። ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን የቀረጸው ምስል ለሙዚቃ ዝግጅቶችና ለታላላቅ የገንዘብ ማሰባሰቢያዎች መነሻ ሆነ። ስንዴ፣ ዘይትና ብርድ ልብስ የጫኑ መኪናዎች ወደ ሰሜን ጎረፉ። ዕርዳታው የብዙ ሰው ነፍስ አትርፏል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ይሁን እንጂ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አንድ ነገር ተለወጠ። የቅሬው ገንዘብ ያዥ ሒሳቡን ለጎረቤቶቹ ሲያቀርብ ኖሯል። የዕርዳታ ድርጅቱ ግን ሪፖርቱን የሚልከው ገንዘቡን ለሰጠው ነው፤ ለጋሹ ደግሞ ያለው ባሕር ማዶ ነው። ገበሬው በመዝገቡ ላይ «ተረጂ» ወይም «ተጠቃሚ» ተብሎ ሰፈረ። ስንት መጣ፣ ስንት ወጣ ብሎ የሚጠይቅበት ስብሰባ ብዙውን ጊዜ አልነበረም።

በዚያው ዘመን የእኛም ማኅበራት ከዚህ ያልተሻለ ዕጣ ገጥሟቸው ነበር። በ1970 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 138 የተደራጁት የኅብረት ሥራ ማኅበራት በሥራ ላይ ሲታዩ ተጠሪነታቸው ከአባላቱ ይልቅ ለበላይ አካል ነበር። እህል በተቆረጠ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የሚቀርብበት መንገድም ሆነው አገልግለዋል። በመሆኑም በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ታውጆ ገበሬው ከአምራች ማኅበራት እንዲወጣ ሲፈቀድለት አብዛኞቹ በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈረሱ። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወቅት በብዙ ቦታ የማኅበራት መጋዘን ተዘረፈ፤ በለሥራ ምግብ ፕሮግራም በተራራ ላይ የተተከለው ደንም ተጨፈጨፈ። ሰው የራሱን ንብረት አይዘርፍም። የተዘረፈው «የእኔ ነው» ሳይባል የቆየው ነው።

ከዕርዳታ ወደ ልማት

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በክልላችን ሦስት ተቋማት ጎልተው ወጡ። የመጀመሪያው በ1970ዎቹ አጋማሽ በድርቁ ዘመን ለአስቸኳይ ዕርዳታ የተመሠረተውና በኋላ የአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት (አመልድ) የተባለው ነው። ድርጅቱ እህል ከማከፋፈል ተነሥቶ ወደ ውኃ፣ ወደ መስኖና ወደ ተፋሰስ ሥራ ገባ። ሁለተኛው በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማራ ልማት ማኅበር (አልማ) ነው። አልማ ከውጭ ለጋሾች ጋር ቢሠራም መሠረቱ የአባላት መዋጮ በመሆኑ ከሌሎቹ ይለያል። በገጠር ያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶችና ጤና ተቋማት ከገበሬው፣ ከሠራተኛውና ከነጋዴው ኪስ በወጣ ገንዘብ ተሠርተዋል።

ሦስተኛው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ነው። ታሪኩ በተለይ ለእኛ ትምህርት አለው። ብድሩ የተጀመረው በ1980ዎቹ ማብቂያ በአመልድ ሥር እንደ አንድ የሥራ ክፍል ነበር። በ1988 ዓ.ም. የወጣው የአነስተኛ ፋይናንስ ተቋማት አዋጅ ቁጥር 40 ይህን ሥራ የሚሠራ ሁሉ በአክሲዮን ማኅበርነት እንዲቋቋምና በብሔራዊ ባንክ ፈቃድ እንዲያገኝ ደነገገ። አብቁተም በ1989 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ተመዘገበ። መያዣ የሌለው ገበሬ በቡድን ዋስትና እየተበደረ ቁጠባውንም እያሳደገ ተቋሙን በአገሪቱ ካሉት ትልልቅ የአነስተኛ ብድር ተቋማት ተርታ አሰለፈው። ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል። ከስንዴ ማከፋፈያ ድንኳን የተነሣ ሥራ ባንክ እስከ መሆን የደረሰው ሰዎቹ ተረጂ መሆናቸው ቀርቶ ቆጣቢና ደንበኛ ሲሆኑ ነው።

ገንዘቡ በመንደሩ እጅ ሲገባ

ሌላው ሊጠቀስ የሚገባው በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ ከ1987 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በክልላችን የተካሄደው የገጠር ውኃ ፕሮግራም ነው። መጀመሪያ ላይ ፕሮግራሙ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ገንዘቡን በመሥሪያ ቤት በኩል ያወጣ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ግን አሠራሩን ለወጠ። ውኃ የሚፈልገው መንደር ኮሚቴ ይመርጣል፣ ማመልከቻ ያቀርባል፣ የራሱን ድርሻ በገንዘብና በጉልበት ያዋጣል። ከጸደቀለት በኋላ የግንባታው ገንዘብ በአብቁተ ቅርንጫፍ በኩል በቀጥታ ለኮሚቴው ይለቀቃል። ሲሚንቶ የሚገዛው፣ ግንበኛ የሚቀጥረው፣ ደረሰኝ የሚሰበስበው ኮሚቴው ራሱ ነው።

ማንበብ የማይችል ገበሬ ይህን ያህል ብር ሊያስተዳድር አይችልም የሚል ስጋት ነበር። ሆኖም የውኃ ተቋማቱ በፍጥነት ተሠሩ፤ ከተሠሩም በኋላ በአገልግሎት ላይ የመቆየታቸው ነገር የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ቧንቧው ሲሰበር የሚጠግነው ሰው፣ ለጥገናው የተቀመጠ ብርም ነበራቸው። በዚህም ምክንያት አሠራሩ በብሔራዊው የውኃና ሳኒቴሽን ማዕቀፍ ታውቆ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ሌሎች ክልሎችም ተሻገረ። የገንዘቡ ምንጭ ያው የውጭ አገር ነው፤ ሒሳቡ የሚቀርበው ግን እንስራዋን ይዛ ለምትጠብቀው እናት ነበር።

ሕግ ሲጠብቅና ሲላላ

ድርጅቶቹን የሚያስተዳድረው ሕግም በየጊዜው ተለውጧል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 «የኢትዮጵያ» የሚል ስያሜ የተሰጣቸው ማኅበራት ከውጭ ምንጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ በመብት ጉዳይ መሥራትም ለእነርሱ ብቻ እንዲሆን ደነገገ። የአስተዳደር ወጪም በ30 በመቶ ተገደበ። በዚህ ሳቢያ ብዙ ድርጅቶች ሥራቸውን አጠበቡ ወይም ዘጉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የውጭ ገንዘቡን ገደብ አነሣ፤ የአስተዳደር ወጪ ጣሪያውን ደግሞ ወደ 20 በመቶ ዝቅ አደረገ።

ሕግ ምን ያህሉ ለሥራ፣ ምን ያህሉ ለጽሕፈት ቤት እንደሚውል ሊወስን ይችላል። ባለጉዳዩ ሒሳቡን ማየት አለማየቱ ግን የሚለየው በስብሰባ ነው።

የቅርቡ ፈተና

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ክልላችን በጦርነትና በግጭት ብዙ ጉዳት ደርሶበታል፤ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ወድመዋል፣ ሕዝብ ተፈናቅሏል። በዚህ ላይ በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታን አቋረጠ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ማብቂያ ላይ ዩኤስኤአይዲ ተዘጋ። በዚህ ገንዘብ ይንቀሳቀሱ የነበሩ ድርጅቶች ሠራተኛ ቀነሱ፣ ፕሮጀክት አጠፉ። ውሳኔው የተላለፈው ከእኛ ርቆ ነው፤ የወረዳው ነዋሪ ሊከራከርበት የሚችል መድረክም አልነበረም። አባቶች «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት እንዲህ ላለው ቀን ነው።

ታዲያ ከዩኒየናችን ምን ይጠበቃል? የዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኅብረት በ1988 ዓ.ም. በማንቸስተር ከተማ ያጸደቃቸው መርሆዎች ሰባት ሲሆኑ ሰባተኛው ለአካባቢ ማኅበረሰብ ማሰብን የሚመለከት ነው። ለትምህርት ቤት ክፍል፣ ለተፈናቀለ ወገን፣ ለምንጭ ማጎልበት እጃችንን መዘርጋታችን ከዓላማችን የወጣ አይደለም። ይሁንና የድርጅቶቹን ስሕተት እንዳንደግም ሦስት ነገር ልብ እንበል።

አንደኛ፣ ለማኅበራዊ ሥራ የሚወጣ ማንኛውም ብር በጠቅላላ ጉባኤ ይጽደቅ። ገንዘቡ የአባላት ነው፤ የማዳበሪያና የእህል ንግድ ያስገኘው ትርፍ ነው። ቦርዱ ለጋስ መሆን የሚችለው ባለቤቶቹ ሲፈቅዱለት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ መዋጮ በፈቃድ ይሁን። አባሉ አምኖበት የሰጠው 10 ብርና ሳይጠየቅ ከሒሳቡ ላይ የተቆረጠበት 10 ብር በሣጥን ውስጥ አንድ ይመስላሉ፤ በሰውየው ልብ ውስጥ ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ነገ ሌላ 10 ብር ያመጣል፤ ሁለተኛው ቂም ይተክላል። የወረዳና የቀበሌ ኃላፊዎቻችንም ለበጎ ዓላማ ሕዝቡን ሲያስተባብሩ ይህን ልዩነት ቢያስቡበት መልካም ነው።

ሦስተኛ፣ ሒሳቡ ሥራው በተሠራበት ቦታ ይነበብ። ዩኒየናችን ሰሌዳ ሲያቆም ከስሙ በተጨማሪ ስንት ብር እንደፈጀና ጥገናው የማን ኃላፊነት እንደሆነ ይጻፍበት። ማንበብ ለማይችለው አባል በስብሰባ በቃል ይነገር።

ይህ አዲስ ዘዴ አይደለም። የቅሬው ገንዘብ ያዥ ከኮሚሽኑም፣ ከድርጅቶቹም፣ ከእኛም በፊት ሲሠራበት የኖረ ነው። ልዩነቱ ዛሬ ሣጥኑ መብዛቱ፣ ብሩም መክበዱ ብቻ ነው።