ከጎታ እስከ በዴሳ

የዶርም ጓደኛዬን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከበዴሳ የመጣው፣ እናቱ የላኩለትን ዳጣ አልጋው ሥር ደብቆ የሚያስቀምጠው ልጅ ነው። እሱ ግብርና አጠና፣ እኔ ታሪክ። ከተመረቅን ከብዙ ዓመት በኋላ ሥራ ሁለታችንንም ጀርመን አገናኘንና የሦስት ቀን ዕረፍት አገኘን። "ትልልቁን ከተማ ተወው፣ የድሮዎቹን እንይ" አልኩት። የመረጥኩት ኤርፉርትንና ጎታን ነበር። የታሪክ መምህር ነኝና ምክንያት ነበረኝ።

ኤርፉርት ላይ ቤት ተሠርቶበት ሰው የሚኖርበትን አሮጌ ድልድይ ተሻገርን። ቋሊማውን ስንበላ "ዳጣ ቢኖር!" እያለ ሳቅ በሳቅ አደረገኝ። ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1624 የተወለደው በዚህች ከተማ ነው። ይህ ሰው በ1649 ሮም ውስጥ በሐበሾች ማረፊያ ከመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ጋር ተዋወቀ። መጀመሪያ ላይ የጋራ ቋንቋቸው ግዕዝ ነበር። በ1652 ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ የጎታው መስፍን ኤርንስት ጋር ሄዱ።

በማግስቱ በባቡር ጎታ ገባን። የፍሪደንስታይን ቤተ መንግሥት ኮረብታው ላይ ጉብ ብሏል። አባ ጎርጎርዮስ ሲደርሱ የሠላሳው ዓመት ጦርነት ካበቃ አራት ዓመቱ ነው፤ ሕንፃውም ገና ተሠርቶ አላለቀም ነበር። እዚህ ስለ አገራቸው ተጠየቁ፣ መለሱ፤ ሉዶልፍም ጻፈ። በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን አሳተመ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አወጣ። አባ ጎርጎርዮስ ግን አንዱንም አላዩም፤ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከብ ሰጥሞ ሞተዋል።

ይህን ሁሉ ደረቴን ነፍቼ ስተርክ ጓደኛዬ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ፣

"እኚህ አባት ስለ ወላይታ ምን አሉ?" አለኝ።

"የሚያውቁትን አገር ነዋ የተናገሩት።"

"እሱማ ልክ ነው። እኔ የምልህ፣ የኛን የጠየቀ ማን ነው?"

መልስ ያለኝ መሰለኝ። የ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ዘመቻ ተጽፏል አልኩት። ቫንደርሄይም የተባለ ፈረንሳዊ ከሠራዊቱ ጋር ተጉዞ ያየውን እልቂትና ምርኮ እ.ኤ.አ. በ1896 በመጽሐፍ አውጥቷል።

"ከማን ድንኳን ሆኖ ነው ያየው?" አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፈርኩ። ያንን ዘመቻ ለዓመታት በአንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሬዋለሁ፦ ምክንያት፣ ቀን፣ ውጤት። ካዎ ጦና ጋጋ ቆስለው ተማረኩ፣ ነጥብ። አራት ዓመት አብሮኝ የተኛውን ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ "በናንተ ቤት ምን ይባላል?" ብዬ አልጠየቅሁትም።

በቀጣዩ መስከረም ለጊፋታ በዴሳ ወሰደኝ። ከሶዶ ስንወጣ የዳሞታ ተራራ ከኋላችን ቀረ። የሞቼና ቦራጎ ዋሻ በዚያው ተራራ ላይ ነው፤ ከ50,000 ዓመት በፊት ሰው እንደኖረበት ቁፋሮው አሳይቷል። ያንን ስንማር ጮክ ብለን እንናገራለን፤ ከ130 ዓመት በፊት የሆነውን ግን በሹክሹክታ።

አባቱ በእንሰት በተከበበው ግቢ ተቀበሉን። ከበላን በኋላ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ "አባባ፣ ልቅዳዎት?" አልኳቸው። ፈቀዱ። መጀመሪያ ጎሳቸውን ከነመላና ዶጋላ ክፍሉ ቆጠሩ። ከዚያ በወላይትኛ ተረኩ፤ ጓደኛዬ ተረጎመልኝ። አያታቸው ያኔ ሕፃን ነበሩ፤ እንሰት ውስጥ ተደብቀው ተረፉ። አባባ ዓመተ ምሕረት አልጠሩም፤ "እንሰቱ የተቆረጠ ጊዜ" ነው ያሉት።

እኔ ቀኑን ፍለጋ ስደነባበር የግብርናው ሰው አስረዳኝ። "እንሰት እኮ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። ጤፍ ቢቃጠል የአንድ ዓመት እህል ጠፋ ትላለህ። እንሰት ተቆረጠ ማለት የሚመጡት ዓመታት ምግብ ጠፋ ማለት ነው።" በክፍሌ ስናገር የኖርኩት "ውጤት" የሚለው ቃል ያን ሁሉ አልያዘም ነበር።

የቃል ታሪክ ሁሉ እንዳለ ይወሰድ እያልኩ አይደለም። ትዝታ ይሳሳታል፤ ከሌላ ትረካና ከሰነድ ጋር መመሳከር አለበት። ግን ጎታ ላይ የተጻፈውም ከአንድ መነኩሴ አፍ የወጣ ትዝታ ነበረበት። ልዩነቱ፣ ያኛውን ቁጭ ብሎ የጠየቀ ጓደኛ መኖሩ ነው።

ዘንድሮ ስደውል አባባ ድምፄን አልለዩትም፤ የልጅ ልጃቸውንም ስም እየረሱ ነው። የዚያ ቀን ቅጂ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው፤ ለጓደኛዬም ሰጥቼዋለሁ። አሁን የ1887ቱን ትምህርት የምጀምረው ተማሪዎቼን አንድ ጥያቄ በመጠየቅ ነው፦ "በናንተ ቤት ምን ይባላል?" አንድ ክፍለ ጊዜ አይበቃኝም።

ለዚህ ዓመት መገናኛችን የምትመጡ ሁሉ፣ ከመምጣታችሁ በፊት አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ቅዱ። የዶርም ጓደኛችሁንም ጠይቁት፤ እኔ ዘግይቻለሁ።