ቮልስ ዘይት ማንጠባጠብ ስታቆም

ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ መንገድ ዳር የቆመች አሮጌ ቮልስ ካያችሁ፣ ከኋላ በኩል ጎንበስ ብላችሁ መሬቱን እዩ። ጥቁር ጠብታ አይጠፋም። የቮልስ ወዳጆች «ካላንጠባጠበችማ ዘይቷ አልቋል» ብለው ይስቃሉ።

ነገሩ የሚጀምረው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። የፈርዲናንድ ፖርሽ ቡድን ርካሽ የሕዝብ መኪና ሲነድፍ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተሮችን ሞከረ፤ በኋላ ፍራንዝ ራይምሽፒስ በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሠራ። ራዲያተር የለ፣ የሚፈላ ውሃ የለ! ሙቀቱን ከአየሩ ጋር የሚጋራው ዘይቱ ነው። አየሯ ሳሳ በሚልባት አዲስ አበባ ደግሞ ዘይቱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተኝተዋል። ቫልቮቹን የሚገፉት ስምንት ዘንጎች ከሲሊንደሮቹ ሥር ባሉ ስምንት ስስ ቱቦዎች ውስጥ ያልፋሉ፤ ዘይቱም ወደ ሞተሩ ሆድ የሚመለሰው በእነዚሁ ነው። በየቱቦው ሁለት ጫፍ የጎማ ማሸጊያ አለ፤ በድምሩ 16። ብረቱ ሲግል ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፣ ጎማው ከዓመታት በኋላ ይደርቃል። ለማንጠባጠብ ከ16ቱ አንዱ ይበቃል።

ንድፉ መጥፎ ነው ለማለት ግን ይከብደኛል፦ እስከ 2003 (እ.ኤ.አ.) ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል።

ችግሩ፣ ሞተሩ የሚይዘው 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ነው። ግማሽ ሊትር ጎደለ ማለት አንድ አምስተኛው ሄደ ማለት ነው። ትናንት ስታንጠባጥብ የነበረች ቮልስ ማንም ሳይነካት ዛሬ መሬቱ ደረቅ ከሆነ፣ ቁልፉን ከማዞራችሁ በፊት የዘይት መለኪያውን ሳቡና እዩ።