ባሕር ዛፍና ናፍጣ

አንድ ሕዝብ ከማን ምን እንደ ተቀበለ ለማወቅ የሚሻ ሰው ቤተ መዛግብት ከመግባቱ በፊት የገዛ ቃላቱን ቢመረምር አይጎዳም። «ናፍጣ» የምንለው ቃል ከጣሊያንኛው «ናፍታ» የመጣ ነው። ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው፣ ባሌስትራው ሁሉ ጣሊያንኛ ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል ሾፌሩ ብቻ ፈረንሳይኛ ይመስላል። ከናፍጣ በፊት የከተማችን ዋነኛ ነዳጅ የነበረው ዛፍም ባዕድነቱን በስሙ ይዞ ይኖራል፦ «ባሕር ዛፍ»፣ ከባሕር ማዶ የመጣ።

እነዚህ ሁለት ነዳጆች ከሚገናኙባቸው ስፍራዎች አንዱ በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ቁስቋም ነው። ስሙ ራሱ የስደት ስም ነው፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደት ካረፈችበት ከግብጹ ደብረ ቁስቋም የተወረሰ፣ ኅዳር 6 ቀን የሚዘከር። በዚህ አካባቢ ከተራራው ሴቶች የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ይወርዳሉ፤ የጭነት መኪና ደግሞ ናፍጣውን እያጨሰ ዳገቱን ይወጣል። የሁለቱን ነዳጆች ታሪክ ጎን ለጎን ማንበብ ስለ አገራችን ነጻነት ብዙ የሚያስተምር ይመስለኛል።

ከባሕር ዛፍ እንጀምር። አጼ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባን ከመሠረቱ በኋላ የከተማይቱ ትልቁ ችግር ማገዶ ነበር። በዙሪያው የነበረው ጥድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለምድጃ ተጨፍጭፎ ስላለቀ፣ ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማይቱን ከዚህ ፍልሰት ያተረፋት በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. የገባው የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ዛፉ ውኃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሌላ ተክል አያስጠጋም፤ ይህ ወቀሳ ትክክል ነው። ነገር ግን ባለቤቱ ቆርጦ ሲጨርስ ጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ዘሩ አንድ ጊዜ ከገባ ወዲህ ማገዶ ለማግኘት የማንንም መንግሥት ፈቃድ መጠየቅ አላስፈለገንም።

ናፍጣ ግን አያቆጠቁጥም።

በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ለአጼ ምኒልክ ሲያመጣ ነዳጁም እንደ መኪናው ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ የቤተ መንግሥት መደነቂያ ስለ ነበር ማንንም አላሳሰበም። ጉዳዩ የሞትና የሕይወት ጉዳይ መሆኑ የታየው በ1928 ዓ.ም. ነው።

የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ሲሻገር በዘመኑ አዲስ የነበሩ የጭነት መኪኖችን አሰልፎ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ፊያት 634 ኤን ነው፤ «ኤን» የሚለው ፊደል በናፍታ የሚሠራ መሆኑን ያመለክታል። እኛ ኋላ «ትሬንታ ኳትሮ» ያልነው ይኸው መኪና ነው። ይሁን እንጂ መኪናውን የሠራው አገር ነዳጅ አልነበረውም። ኢጣሊያ ዘይቱን የምትገዛው ከሩማንያ፣ ከሶቪየት ኅብረት፣ ከአሜሪካና ከሌሎችም ነበር። እንግዲህ በባዕድ ምድር የተሰማራው የወራሪው መኪና ራሱ የሚነዳው በባዕድ ነዳጅ ነበር ማለት ነው።

የመንግሥታት ማኅበር ይህን ያውቅ ነበር። ኅዳር 8 ቀን 1928 ዓ.ም. በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ሲጀምር ብዙ ዓይነት ሸቀጥ ዘርዝሯል፤ ዘይትን ግን አልነካም። የስዌዝ ቦይም አልተዘጋም። የአሜሪካ መንግሥት ነጋዴዎቹን በምክር ቢያሳስብም በሕግ አላገዳቸውም፤ በእነዚያም ወራት ወደ ኢጣሊያና ወደ ቅኝ ግዛቶቿ የሚጫነው የአሜሪካ ዘይት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ከሦስት ዓመት በኋላ በሙኒክ ጉባኤ ላይ ሙሶሊኒ ለሂትለር የነገረውን አስተርጓሚው ፓውል ሽሚት ጽፎታል፦ ማኅበሩ ማዕቀቡን ወደ ዘይት ቢያሰፋው ኖሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሐበሻ ለመውጣት እገደድ ነበር ብሏል። ሰውዬው ማጋነን ልማዱ ነው ብለን ግማሹን ብንጥለው እንኳ የቀረው ግማሽ ያንገበግባል። በመርዝ ጋዝ የተቃጠለው ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ የጄኔቭ ውሳኔ ሊተርፍ ይችል ነበርና።

ኢትዮጵያስ በዚያው ጊዜ ዘይትን እንደ መከታ ልትጠቀምበት አላሰበችም? አስባለች። በነሐሴ 1927 ዓ.ም. ፍራንሲስ ሪኬት ለተባለ እንግሊዛዊ ሰፊ የዘይት ፍለጋ ፈቃድ ተሰጠው። ከጀርባው ያለው የአሜሪካ ኩባንያ ጥቅም የአሜሪካን መንግሥት ይጎትትልናል የሚል ተስፋ ነበር። ዋሽንግተን ግን ኩባንያው እንዲተወው አስገደደች፤ ውሉም በቀናት ውስጥ ፈረሰ። ከመሬት ያልወጣ ዘይት መከታ ሊሆን አልቻለም።

በሚያዝያ ወር ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲነሣ ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪ አስከትሎ ነበር። በሰልፉ ውስጥ ፊያትና ላንቻ ብቻ ሳይሆኑ ፎርድና ሸቭሮሌም ነበሩ። ይህን ሁሉ ብረት ጣርማ በር ላይ ያቆመው በአርበኞች የፈረሰ መንገድ ነው፤ እስኪጠገን ሁለት ቀን ፈጀበት። ሰልፉ ሚያዝያ 27 ቀን ከተማይቱ ገባ። በቀጣዮቹ አምስት ዓመታትም አርበኞቻችን ያደፈጡት በእነዚሁ መንገዶች ዳር ነው። የጠላት ጉልበት በጎማ ላይ እንደሚሄድ፣ ጎማውም ያለ ነዳጅ እንደማይሽከረከር ማንም ሳያስተምራቸው ተረድተውት ነበር።

ጠላት ወጣ፤ መንገዱና መኪናው ቀሩ። «ኤንትሬ» የምንለው ፊያት 682 ኤን 3 የአሰብን መንገድ የግሉ ያህል አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1967 በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ ሥራ ሲጀምር ድፍድፉ ባዕድ ቢሆንም ናፍጣው እዚሁ የተጣራ ሆነ። ይህም ከጥገኝነት አላወጣንም። የ1966ቱ የዓለም ነዳጅ ቀውስ የቤንዚን ዋጋ ሲያስጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በሩቅ አገር የተነሣ የነዳጅ ዋጋ ለዘውዱ ውድቀት አንድ ምክንያት ሆነ። ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነች በኋላ ማጣሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘጋ፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ የአሰብ መንገድ ጭር አለ፤ ቦቴዎቹም ፊታቸውን ወደ ጅቡቲ አዞሩ።

እስካሁን የተናገርነው ነዳጁ የማን እንደ ሆነ ነው። በዘመናችን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል፤ ነዳጁ ምን ዓይነት ነው? ኤንትሬ የሰጡትን ናፍጣ ይጠጣ ነበር፤ ፓምፑ በብረት ብቻ የሚሠራ፣ ኮምፒዩተር የማያውቅ ነውና። የዛሬው የአውሮፓ ከባድ መኪና ግን የጭስ ማጣሪያና ኬሚካላዊ ማጽጃ ተሸክሞ ይሄዳል። የሚፈልገው ናፍጣም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአውሮፓ ግዴታ የሆነውን፣ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ውስጥ ከ10 እጅ ያልበለጠ ድኝ ያለበትን ነው። ይህን መኪና እየነዳ ወደ አፍሪካ የሚገባ መንገደኛ ድንበር በተሻገረ ቁጥር ምን እንደሚቀዳ መጠየቅ አለበት። ድኝ የበዛበት ናፍጣ ማጽጃውን ይመርዘዋል፣ ማጣሪያውን ይደፍነዋል፤ ኮምፒዩተሩም ሞተሩን ለማትረፍ ጉልበቱን ይቀንሰዋል። እንደ እንጦጦ ባለ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ አየሩ ከባሕር ዳሩ ከሩብ በላይ በሳሳበት ዳገት ላይ፣ ይህ ሲደርስ መኪናው መቆሙ ነው።

መንገደኛው መንገደኛ ነው፤ ተመልሶ ይሄዳል። አየሩን የሚተነፍሰው ነዋሪ ግን የት ይሄዳል? እ.ኤ.አ. በ2016 ፐብሊክ አይ የተባለ የስዊስ ድርጅት በምዕራብ አፍሪካ ከማደያዎች የቀዳው ናፍጣ ውስጥ ከአውሮፓ ወሰን እስከ 378 እጥፍ የሚደርስ ድኝ አግኝቷል። የሚያስገርመው፣ ሻጮቹ ስማቸው የታወቀ የአውሮፓ ነጋዴዎች መሆናቸው ነው። በገዛ አገራቸው ሊሸጡት የማይፈቀድላቸውን ለሌላው ይሸጣሉ፤ ሕጋችሁ አይከለክለንም ይላሉ። ወሰኑን ያላጠበቀው መንግሥት ደግሞ የእኛው ነው። ስለዚህ የባዕድ ነዳጅ ጥያቄ የምንዛሪ ብቻ ሳይሆን የሳንባም ጥያቄ ነው።

ዛሬ መውጫው ተገኝቷል የሚሉ አሉ። በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። የዓባይ ኃይል ከባሕር ዛፍ ጋር የሚመሳሰልበት ነገር አለ፦ ማሽኑ ከውጭ ቢመጣም ውኃው በየክረምቱ ይመለሳል። ይህን እንደ ቀላል ነገር አላየውም። ነገር ግን አገሪቱን የሚመግበው አውቶሞቢሉ ሳይሆን ከባድ መኪናው ነው። ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው ሲኖትራክም ሆነ ከጅቡቲ የሚመጣው ተሳቢ ዛሬም በናፍጣ ይሄዳሉ። የማዳበሪያውና የስንዴው ዋጋ በዚያች ቧንቧ አፍ ላይ ነው።

የ1928ቱ ታሪክ ለእኛ የሚለው ይህ ነው። የሌላው ነዳጅ መግዛት ነውር አይደለም፤ ወራሪውም ገዝቷል፣ እኛም ገዝተናል። ልዩነቱ ቧንቧውን ሊዘጋ የሚችለው ማን እንደ ሆነ፣ ሲዘጋም ምን እንደሚተርፈን አስቀድሞ ማወቁ ላይ ነው። አጼ ምኒልክ ማገዶ ሲያልቅባቸው ከተማይቱን ሊያነሡ አስበው ነበር፤ ዘር ተክለው ቀሩ። እኛም የምንተክለውን ካላወቅን፣ የቁስቋምን ዳገት ለመውጣት እንኳ የባሕር ማዶ ሰው ፈቃድ ስንጠብቅ መኖራችን ነው።