ከጠመንጃ ወደ መነጽር፦ የእንግሊዝ ባላገር የመጸው ወፍ ምልከታ ታሪክ

እንግሊዞች መጸው በገባ ጊዜ በመስክና በረግረግ እየዞሩ ወፍ የመመልከት ልማድ አላቸው። ላይ ላዩን ሲያዩት ከአባቶቻቸው የወረሱት ጭምት መዝናኛ ይመስላል። ታሪኩን ስንመረምር ግን ይህ ልማድ የተስፋፋው በአብዛኛው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሆኖ እናገኘዋለን፤ ከዚያ በፊት በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ወደ ባሕር ዳር የሚወርደው ወፍ ፈላጊ ብዙውን ጊዜ ጠመንጃ ይዞ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምንጠይቀው ጠመንጃው እንዴት በመነጽር እንደ ተተካ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጊልበርት ዋይት እንጀምር። ይህ ሰው በሃምፕሺር አውራጃ፣ ሴልቦርን በምትባል መንደር የኖረ ቄስ ሲሆን፣ ስለ መንደሩ ተፈጥሮ የጻፈው መጽሐፍ በ1789 ታትሞ እስከ ዛሬ ይነበባል። መልካቸው አንድ የሚመስል ሦስት ዓይነት ታናናሽ ወፎችን በድምፃቸው የለየ አስተዋይ ነበረ። ሆኖም ጨረባ፣ ያቺ ጅራቷ እንደ መቀስ የተሰነጠቀው ወፍ፣ በመጸው ወዴት እንደምትሄድ አስቸገረው። ብዙዎቹ ወደ ሞቃት አገር እንደሚሻገሩ ያውቃል፤ ነገር ግን ጥቂቶቹ በዚያው በእንግሊዝ ተሸሽገው የብርዱን ወራት ያሳልፋሉ የሚለውን ሐሳብ ፈጽሞ ሊተወው አልቻለም። ለዚህ ጥያቄ ቁልጭ ያለ ማስረጃ የተገኘው ዋይት ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1909 በወፎች እግር ላይ ቁጥር ያለበት ቀለበት የማሰር ሥራ በብሪታንያ ተጀመረ፤ በሜይ 1911 በስታፎርድሺር የታሰረባት አንዲት ጨረባ በዲሴምበር 1912 በደቡብ አፍሪካ በናታል ተገኘች። ወደ እኛም የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በየዓመቱ ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ ብዙ ወፎች ስለሚወርዱ፣ ጥያቄው ለእኛም ባዳ አይደለም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወፍ ዕውቀት የሚረጋገጠው በሬሳ ነበር። አንድ ሰው እንግዳ ወፍ አየሁ ቢል የሚያምነው አልነበረም፤ ገድሎ ቆዳውን በጭድ ሞልቶ ማሳየት ነበረበት። በዚህ ረገድ በኖርፎክ ጠረፍ የምትገኘው ክሌይ የተባለች መንደር ስመ ጥር ናት። ረግረጉ በመጸው ከሰሜንና ከምሥራቅ የሚመጡ መንገደኛ ወፎች ማረፊያ ስለ ሆነ፣ ተኳሾች በወቅቱ ይሰበሰቡ፣ ሰብሳቢ ባለጸጎችም ለብርቅ ወፍ ጥሩ ዋጋ ይከፍሉ ነበር። በኦክቶበር 31 ቀን 1896 በፓላስ ስም የምትጠራው ትንሽ የሳይቤሪያ ወፍ በብሪታንያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀችው በዚያው በክሌይ ተተኩሶባት ነው።

ሕግ አልነበረምን? ነበረ። በ1869 የባሕር ወፎችን የሚጠብቅ ሕግ ወጣ፤ በ1880ም ሰፋ ያለ ተከተለው። ነገር ግን እነዚህ ሕጎች በዋናነት የጠበቁት የመፈልፈያውን ወራት ነው። ከኦገስት መጀመሪያ በኋላ መግደል ተፈቀደ፤ ስለዚህ መጸው በሕግ ረገድ ጥበቃ ያልደረሰው ወቅት ሆኖ ቀረ። በእኛ አስተያየት የነገሩ ቁልፍ ይህ ነው።

ለውጡ ከሁለት አቅጣጫ መጣ። አንደኛው የሴቶች ሥራ ነው። ኤሚሊ ዊልያምሰን በ1889 በማንችስተር አጠገብ በዲድስበሪ ያቋቋመችው ማኅበር አባሎች፣ ለምግብ ያልታረደ ወፍ ላባ በባርኔጣቸው ላይ ላለማድረግ ቃል ይገቡ ነበር። የሰጎን ላባ ብቻ ተፈቀደ፤ ሰጎን ሳትገደል ላባዋ ይቆረጣልና። ያን ጊዜ ለፋሽን ሲባል የሳቢሳ ላባ ይነገድ ነበር። ማኅበሩ ከሌሎች ጋር ተባብሮ በ1904 የንጉሥ ቻርተር አገኘ፤ ላባ ከውጭ እንዳይገባ የሚከለክለው ሕግ ግን የወጣው በ1921 ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ መድከም ማለት ነው።

ሁለተኛው መሣሪያው ነው። በ1894 የጀርመኑ ዛይስ ኩባንያ ባለ ፕሪዝም መነጽር ለገበያ አወጣ። በ1901 ኤድመንድ ሴሉስ ስለ ወፍ ምልከታ በጻፈው መጽሐፍ ወፍ መግደልን አጥብቆ ነቀፈ። ወንድሙ ፍሬድሪክ ሴሉስ በአፍሪካ የታወቀ የዝሆንና የአንበሳ አዳኝ መሆኑን ስናስብ፣ ከአንድ ቤት ምን ያህል የተለያየ ሰው እንደሚወጣ ያስደንቃል።

የክሌይም ዕጣ ተለወጠ። በ1926 ዶክተር ሲድኒ ሎንግ ከወዳጆቹ ጋር 407 ኤከር የሚሆነውን ረግረግ ገዝቶ ለወፎች መጠበቂያ አደረገው፤ ለዚህም የኖርፎክ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ተቋቋመ። ሌሎች አውራጃዎች ይህንኑ ምሳሌ ተከትለው ዛሬ በብሪታንያ ከ40 በላይ እንዲህ ያሉ ማኅበሮች አሉ። በ1946ም ፒተር ስኮት፣ ራሱ ቀድሞ ዝይ አዳኝ የነበረው፣ በሰቨርን ወንዝ ዳር በስሊምብሪጅ የውሃ ወፎች ጣቢያ ከፈተ። ተመልካቾች ከእንጨት ዳስ ውስጥ ሆነው በመጸው ከሩሲያ የሚመጡትን ዝይዎች ያያሉ።

በ1954 የወጣው ሕግ ግን ከሁሉ የሰፋ ነበር፤ ጥቂት ዓይነቶች ሲቀሩ የዱር ወፎችን ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ጠበቀ። ከቀሩት መካከል ዳክዬና ዝይ ይገኙባቸዋል። ስለዚህ በእንግሊዝ ዛሬም ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ የዳክዬ አደን ይፈቀዳል፤ አዳኙና ተመልካቹም በአንድ ጠረፍ፣ በአንድ ማለዳ፣ ያንኑ መንጋ ሲጠብቁ ይገኛሉ።