ለማን የተጻፈ ገጽ? የበጎ አድራጎት ድረ ገጾችና የካፋ ታሪክ



የበጎ አድራጎት ድርጅት ድረ ገጽ ጥራት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወሳው የፎቶግራፉ ማማርና የገጹ ፍጥነት ነው። እንደ ታሪክ ተማሪ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ገጹ የተጻፈው ለማን ነው?

ይህ ጥያቄ በካፋ አዲስ አይደለም። የካፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 ካበቃ በኋላ፣ ኦስትሪያዊው ፍሪድሪኽ ቢበር እ.ኤ.አ. በ1905 አገሩን ጎበኘ። ስለ ሕዝቡ የጻፈው ባለ ሁለት ቅጽ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1923 በጀርመንኛ ታተመ። ያለ እርሱ ብዙ ነገር ይጠፋብን ነበር። ነገር ግን የተጻፈለት አንባቢ ቦንጋ ውስጥ አልነበረም፤ ስለዚህም የተጻፈባቸው ሰዎች «ይህ ልክ ነው፣ ይህ ስሕተት ነው» ሊሉ አልቻሉም።

ከመቶ ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ነገር እናያለን። ዩኔስኮ የካፋን ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1899 የተመሠረተው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር፣ ናቡ፣ በዚህ ሥራ ጉልህ ድርሻ አለው። የድረ ገጹ ዋና ቋንቋ ጀርመንኛ ነው፤ የእንግሊዝኛ ክፍልም አለው። አባላቱና ለጋሾቹ በዚያ ስላሉ ይህ ነውር አይደለም። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፤ በርሊን ያለው አባል ስለ ጫካ ቡናው የሚያነበውን፣ ደኑን የሚጠብቀው የካፊኖኖ ተናጋሪ ገበሬ በራሱ ቋንቋ አያገኘውም።

ከእድር ጋር እናነጻጽረው። በእድር ከፋዩም ተጠቃሚውም አንድ ሰው ነው። ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን የሚያሰማው ድንኳኑንና ወንበሩን በዓይናቸው ለሚያዩ አባላት ስለሆነ፣ ቁጥር ቢጎድል ወዲያው ይታወቃል። በበጎ አድራጎት ድርጅት ግን ሰጪው ሩቅ፣ ተቀባዩ ቅርብ ነው፤ ሪፖርቱ ደግሞ ወደ ሩቁ ይሄዳል። ሥራው መሠራቱን በቅርብ ሊመሰክር የሚችለው ሰው ሪፖርቱን አያየውም ማለት ነው።

አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢያቸው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይህ ቁጥር በየድረ ገጹ፣ አገልግሎቱ በሚሰጥበት ቋንቋ ቢሰፍር፣ ከማናቸውም ፈገግ ያለ ሕፃን ፎቶግራፍ ይልቅ ስለ ድርጅቱ ይናገራል።

ሌላው ሥጋት የገጾቹ መጥፋት ነው። የድረ ገጽ ስም በየጊዜው በክፍያ ይታደሳል፤ ፕሮጀክት ሲያልቅ ከፋዩም ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ፋርም አፍሪካና ኤስ.ኦ.ኤስ. ሳህል በቦንጋ የጀመሩትን አሳታፊ የደን አስተዳደር ነገ የሚያጠና ሰው የወረቀት ሰነድ ፈልጎ ሊያገኝ ይችላል። የዛሬውን ሥራ የሚያጠናው ግን የተዘጋ ገጽ ሊጠብቀው ይችላል። የቢበር መጽሐፍ ቢያንስ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ቀርቷል።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በዞኑ የሚሠሩ ድርጅቶችን ገጾች በየዓመቱ በቅጂ እናስቀምጥ። ስለየትኛው ቀበሌ ምን እንደተጻፈ ለቀበሌው ሰዎች በካፊኖኖና በአማርኛ እናንብብ፤ የሚሰጡትንም እርማት ከቅጂው ጋር እንመዝግብ። ካፋ ለሁለተኛ ጊዜ እርሱ በማያነበው ጽሑፍ ብቻ እንዳይታወቅ ማድረግ የእኛ ድርሻ ነው።